የላጲስ ፍርፋሪ

ሄርማታ ገበያ፣ ከአናጢዎቹ ጀርባ፣
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ፣
ያልተላገ ጣውላ መሐላችን ተጋድሞ፣
አራት ሰው፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ እንደ ዕድርተኛ ታድሞ፣
ሽኩር ይተርካል፤ እኛ እንሆናለን።

ዕጣችን ሃያ ፊት አለው። አጎቱ ከዋንዛ ጉማጅ ጠርቦ፣
ቁጥሩን በጋለ ሚስማር ተኩሶ አስውቦ
ሠራልን፤ ግን አንድ ጎኑ ይከብዳል፣
ከአምስት ሁለቴ ሰባት ላይ ይወድቃል።
«ሰባት ይወደናል» ይላል ሙዘይን፣ ሲሸነፍም እየሳቀ።
የኔ ጀግና ግን ከሰባትም ከሃያም ራቀ።

ስሙ መርዕድ ነው። ሲወለድ ደረጃ አንድ፤
የቀርከሃ ዱላ፣ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ክንድ ገመድ።
የሕይወት ነጥቡ ስድስት። ጅብ ነክሶት ቀረው ሁለት፤
አንዱን ደግሞ ጣለው፣ ጭቃ አዳልጦት በቁልቁለት።
በቀረችው በአንዷ አዌቱን ሊሻገር፣ ወንዙ ሞልቶ፣
ዕጣው መዳፌ ላይ በላቤ ዋኝቶ፣

ሰባት ወጣ።
ተሻገረ።
ረምላ ጮኸች። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። እኔ ያለቀስኩ መሰለኝ፤
ለወረቀት ሰው ማልቀስ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ደረጃ መጣ። ደረጃ መወጣጫ ነው፣ ሰው የሚወጣበት፤
ስንተኛው ላይ እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፣ አየር የሚያጥርበት።
አምስት፦ እሳት የማያነደው። ዘጠኝ፦ በጥላው የሚበር።
አስራ ሁለት፦ ተራራን በስሙ ጠርቶ የሚሰብር።
አስራ ስድስት፦ ሞት በሩን አንኳኩቶ ይቅርታ የሚጠይቀው።
ሃያ፦ ከዚህ በኋላ ሽኩር ቁጥር አጣ፣ የሚሰጠው።

አሁን ዘንዶ ቢመጣ «መታሁት» እላለሁ፤ ይሞታል።
ዕጣ መወርወር ለወጉ ነው፤ አንድም ቢወጣ ይበቃል።
ሽኩር ሌሊት ጭራቅ ሲፈጥር እያደረ ዓይኑ ቀላ፣
ሰባት ራስ ሰጠው፣ አስር ራስ፣ የተራራ ገላ፤
መርዕድ እንደ ቆሎ፣ ሳያላምጥ በላ።
ሙዘይን፣ የደረጃ አራት ቀስተኛ፣
ቀስቱን ሳይገትር ውጊያው አለቀ።
«እኔስ ምንድን ነኝ እንግዲህ?» አለ፣ «መንገደኛ?»

የረምላ ጀግና ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ሦስት፤
ስሟ አሞሌ፣ ጨው ነጋዴ፣ አንካሳ በቅሎ የምትጎትት።
ረምላ ራሷ ሆስፒታል፣ የሌሊት ተረኛ፣ አድራ ትመጣለች፤
«አንዱ ተረፈ» ትላለች፣ «አንዱ አልተረፈም»፤ ከዚያ ዕጣዋን ታነሳለች።

ባለፈው ሐሙስ ኃይል ተቋረጠ።
(የሰፈሩን ማለቴ ነው። የመርዕድ አይቋረጥም።)
ሙዘይን የስልኩን ባትሪ አበራ፤
ረምላ ወረቀቷን ከፍ አደረገች፤ ተራ
የርሷ ነበር። የሕይወት ነጥብ የሚጻፍባት ሳጥን፣
ዘጠኝ ተብላ፣ ተፍቃ፣ ሦስት፣ ተፍቃ፣ አንድ፣ ተፍቃ፣ እንደገና ዘጠኝ፣
ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መንምኖ፣
ብርሃኑ በዚያ አለፈ፤ ጣሪያው ላይ አረፈ፣ የሳንቲም ክብ ሆኖ።

የኔን አነሳሁ። አራት መቶ አስራ ሁለት።
ከጥር ወዲህ ያልተነካ፤ የለበትም የላጲስ ምልክት።
ወፍራም ወረቀት። ብርሃን አላሳለፈም።
መርዕድ እዚያ ነበር? ጠራሁት። አቤት አላለም።

«ሽኩር» አልኩ፣ «ዘንዶው ይንከሰኝ።»
«ጥርሱ አይገባብህም፤ ደረጃህ እኮ...» «አውቃለሁ። ይንከሰኝ።»
ደብተሩን ገለጠ፣ በስልክ ብርሃን፣ ከዳር እስከ ዳር፤
መውጫ እንጂ መውረጃ ጽፎ አልነበር።
ዝም አለ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።
ዕጣውን ሰጠኝ።

ወረወርኩ። ተንከባለለ፣ ከጣውላው ጫፍ ዘሎ
ሰጋቱራው ውስጥ ገባ።
አራታችንም ተንበርክከን፣ እጃችንን ዱቄቱ ውስጥ ከተን፣
በርጩማ እግር ስንዳብስ፣ ሚስማር ስንዳብስ፣
ስንት እንደወጣ ገና ሳናውቅ፣
ልቤ መታ።